የሹሩባ ሠሪዋ ልጅ

...አሥር ሰዓት ብለዋል፣ እትዬ በላይነሽ አሥር ካሉ አሥር ነው፣ በሐበሻ ቀጠሮ የሚታሙ ሴት አይደሉም፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ይመጣሉ፣ እኔ የልጅሽን እጅና እግር እይዛለሁ አንቺ ፀጉሯን ትሠሪያለሽ ብለዋል፣ በግማሽ ሰዓት ያልቃል፣ አልቅሳ አልቅሳ ይወጣላታል፣ እኔ አራቱንም ልጆቼን ጭኔ መሀል ወትፌ ነው የሠራኋቸው፣ አንዳቸውም አልሞቱም። አንዳቸውም አልሞቱም። የጎረቤቷ የእትዬ በላይነሽ መለኪያ ይሄ ነው። ሎሚ የፎዚያን ፀጉር ከግንባር ወደ ማጅራት እየከፈለች ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች፣ ስምንት ከሩብ፣ ገና ነው፣ ኧረ ገና አይደለም፣ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ምን አላት፣ አንድ ራስ ተሠርቶ አያልቅባትም። ጣቶቿ ግን አይቸኩሉም፣ ጣቶቿ የእሷን ሐሳብ ሰምተው አያውቁም፣ ሦስት ዘለላ ይዘው አንዱን በአንዱ ላይ እያሻገሩ ይወርዳሉ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የአዳማን ሴት ራስ ሲሠሩ የኖሩ ጣቶች ናቸው። የአንዲት ልጅ ራስ ሲቀር።

ልጅቷ እዚሁ ናት፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ዕቃ በሚቀመጥበት ጠባብ ቦታ ግድግዳ ተደግፋ መጽሐፏን ታነባለች፣ ዱሬቲ፣ የሎሚ አንድ ልጇ፣ ስምንት ዓመቷ፣ ሁለተኛ ክፍል። ጆሮዋ ላይ ያባቷን የክረምት ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ድረስ ደፍታዋለች፣ በዚህ ሙቀት፣ የአዳማ ሙቀት ሰው በሚያቀልጥበት በዚህ ሰዓት፣ ምክንያቱም ጎረቤት ያለው ጁስ ቤት ጄኔሬተር አስነስቷል፣ ለሎሚ ጄኔሬተሩ ጄኔሬተር ነው፣ ለዱሬቲ ግን ጥርሷ ውስጥ የገባ ነገር ነው፣ ራሷ ናት እንደዚያ ያለችው፣ እማዬ ጥርሴ ውስጥ ገባ። በአሥር ሰዓት ምን እንደሚመጣባት አታውቅም። አልነገረቻትም። ብትነግራት ትጠፋለች፣ ባትነግራት ደግሞ፣ ተዪው ሎሚ፣ ሥራሽን ሥሪ።

ጠበቅ አድርጊው እሺ፣ ትላለች ፎዚያ፣ ማክሰኞ የእህቴ ኒካ ነው፣ ሳምንት ሙሉ እንግዳ ነው፣ እንዳይፈታብኝ። ፎዚያ ከመነኸሪያው ጀርባ ጨርቅ የምትሸጥ ናት፣ ስድስት ዓመት ያልተቋረጠች ደንበኛ፣ ወሬዋ ከወንበሩ ስትቀመጥ ይጀምርና ስትነሣ እንኳ አያልቅም። ስለ ኒካው፣ ስለ ሙሽራው እናት፣ ስለ ሥጋ ዋጋ። ሎሚ እሺ ትላለች፣ ውይ ትላለች፣ አንቺ ትላለች፣ ሰው የሹሩባ ሠሪን ጆሮም አብሮ ነው የሚከራየው፣ ዛሬ ግን ጆሮዋ የለም፣ ጆሮዋ መስታወቱ ሥር ከማበጠሪያዎቹ ጋር የተቀመጠው ወረቀት ላይ ነው።

ዓርብ ደብተሯ ውስጥ ታጥፎ መጣ። ለተማሪ ዱሬቲ ምልኬሳ ወላጅ፣ ተማሪዋ የትምህርት ቤቱን የፀጉር አያያዝ ደንብ በተደጋጋሚ በመተላለፏ ይህ ሦስተኛና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የተሰጣት ሲሆን፣ ከሰኞ ጀምሮ ፀጉሯን ተሠርታ ወይም በአጭሩ ተቆርጣ ካልተገኘች ወደ ግቢው እንዳትገባ መወሰኑን እናሳውቃለን፣ ከሰላምታ ጋር። ከሰላምታ ጋር! የምን ሰላምታ ነው። ዓርብ ዕለቱን ሱቁን ዘግታ ሮጠች፣ አዲሱ ዩኒት ሊደር አቶ ማስረሻ፣ የተማሪውን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠሩት ሰውዬ፣ በትሕትና አስቀመጧት፣ ውሃ አስመጡላት፣ ወይዘሮ ሎሚ እኔ ለአንዱ ልጅ አንድ ደንብ ለሌላው ሌላ ደንብ ማውጣት አልችልም፣ ሌሎቹ ወላጆች ይጠይቁኛል፣ ቅማል ነው፣ ሥርዓት ነው፣ ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ብለው ፈገግ አሉ፣ የእርስዎ ሥራ ምን ነበር? ያቺን ፈገግታ። ያቺን ፈገግታ ዓርብ ይዛት ወጥታ ቅዳሜ አብራት አድራ ዛሬም አለች፣ ይሄ ሰውዬ ምን አለ ባይስቅ፣ ደንቡን ያውጣ፣ ያባርር፣ ግን ምን አለ ባይስቅ።

እውነቱን ነው ደግሞ። የሹሩባ ሠሪ ልጅ ጨብራራ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ደንበኛ ሁሉ አንድ ቀን ይጠይቃል፣ ውይ ሎሚዬ የሰው ራስ ስትሠሪ የልጅሽን ረሳሽው እንዴ፣ እሷም ትስቃለች፣ ምን ላርግ ጊዜ አጣሁ ትላለች፣ ጊዜ! አንዷ የሠፈር ልጅማ ፌስቡክ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ለጠፈቻቸው፣ የሎሚን ሥራና የዱሬቲን ራስ፣ ሥር ሥሩን ሳቅ በሳቅ ሆኖ፣ ፋራ ሁላ። የሚስቁት ግን ማበጠሪያው ገና ሳይነካት ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ሲወጣ አላዩም፣ አንዲት ዘለላ ፀጉር በሁለት ጣት ቀስ አድርጋ ስታነሣ ልጅቷ እሳት እንደነካት ስትዘል አላዩም። እናቷ እንኳ አይታ ስንት ዓመት አላመነችም። ሞላቃ ናት ብላ ነበር። አንድ ልጅ ሆና ቀብጣ ነው። በጥፊ መትታታለች፣ አዎ፣ ሁለት ጊዜ፣ ጥፊው ደግሞ ምንም አይመስላትም ነበር፣ ጥፊ ምንም ያልመሰላት ልጅ በማበጠሪያ ታለቅሳለች፣ ይሄን ማን ያምናል።

ለምን ትምህርት ቤት አልቀየርሽም ይላሉ ሰዎች፣ ሦስተኛዋ ነው! የመጀመሪያው ላይ ደወሉ፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፣ ዘበኛው በብረት ሲመታው ልጅቷ ዴስክ ሥር ትገባለች፣ እዚያው ትሸናለች፣ ውሰጅልን አሉ። ሁለተኛው ላይ አስተማሪዋ ጎበዝ ብላ ጉንጯን ዳሰሰቻት፣ ዱሬቲ ነከሰቻት፣ ደም ወጣ፣ ውሰጅልን አሉ። እዚህኛው ላይ ግን የክፍሏ አስተማሪ ጥግ ላይ፣ ግድግዳው አጠገብ አስቀመጠቻት፣ ደወል ሊደወል ሲል ጠረጴዛዋን ሁለቴ ትመታላታለች፣ ተዘጋጂ ለማለት ነው፣ ማንም አላዘዛትም፣ ከራሷ። እዚህ ነው ማንበብ የጀመረችው። ባለፈው መስከረም ስሟን መጻፍ የማትችል ልጅ አሁን ከመጋረጃው ጀርባ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች፣ ገጹን ስትገልጥ ይሰማል፣ ያውላት። ከዚህ ከወጣች ሌላ ጥግ ማን ይሰጣታል። ቤት ነው የምትቀረው። ስምንት ዓመቷ ላይ ቤት ትቀራለች፣ ከዚያ አሥር ይሆናታል፣ ከዚያ አሥራ አምስት፣ በቃ።

ቆርጠሽ ገላግያት፣ ምልኬሳ ነው ይሄ፣ ባሏ፣ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር፣ ትናንት ከጋላፊ ደውሎ፣ ማል ታቴ፣ ምን ሆነች፣ አሁንም ፀጉር ነው እንዴ፣ ቆርጠሽ ገላግያት። ራሱ ሞክሮት የለም? ባለፈው ፋሲካ በፀጉር ቤት ማሽን፣ ማሽኑ ድዝዝ ሲል ልጅቷ ከወንበሩ ተፈትልካ አስፋልቱ መሀል፣ ባጃጁ ፍሬን ባይዝ፣ ባጃጁ ፍሬን ይዞ ነው እንጂ። መቀስም ያው ነው፣ ጆሮዋ ሥር ቀጭ ቀጭ ሲል ጮቤ እንደተሰነዘረበት ሰው ነው ክንዷ የሚነሣው። እና ምን ቀረ። በላይነሽ ቀሩ። አሥር ሰዓት ቀረ። ስምንት ከሃምሳ ሆኗል፣ የፎዚያ ግራ ጎን አልቋል፣ ነፋሱ ተነሥቷል፣ አቧራው ከመንገዱ ተነሥቶ በሩን ይመታል፣ የጣሪያው ቆርቆሮ አንድ ጥግ ላይ ተነቅሎ ቃ ቃ ይላል፣ ያንንም ማስመታት ነበረብኝ፣ ልጅቷ እያንዳንዷን ቃ እየቆጠረች ነው።

አንዴ ሠርታታለች። ይሄን ማንም አያውቅም፣ ምልኬሳም አያውቅም። ባለፈው ዓመት ለወላጆች ቀን፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ለጉንፋን የተገዛ ሽሮፕ ነበር፣ እንቅልፍ ያመጣል ይላል ወረቀቱ፣ አንድ ማንኪያ ይላል፣ ሎሚ ሁለት ሰጠቻት፣ ጣፋጭ ነው ጠጪ አለቻት። ልጅቷ ዓይኗ ሊከደን ሲል ስተኛ ፀጉሬን አትነኪኝም አይደል አለች። አልነካሽም አለቻት። አልነካሽም። ስምንት መስመር ሠራች፣ ቀጥ ያለ፣ በዕድሜዋ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርታ አታውቅም፣ እያለቀሰች ነበር የሠራችው፣ የምን ለቅሶ እንደነበር አሁንም አይገባትም፣ ደስታም ነበረበት። ከዚያ ዱሬቲ ነቃች። አልጮኸችም፣ ምናለ ጮሃ ቢሆን፣ እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች፣ እናቷን አየቻት፣ ወጥታ ከውሃው በርሜል ጀርባ ተቀምጣ በጥፍሯ መፍታት ጀመረች፣ ቆዳዋ ደማ፣ ሎሚ ልትጠጋት ስትል ተነሥታ ሌላ ጥግ ትሄዳለች፣ ልትጠጋት ስትል ሌላ ጥግ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ከእናቷ እጅ ውሃ አልጠጣችም። ራሷ ከቧንቧ ትቀዳለች። ሻይ ሲቀርብላት ታሸታለች። ሰው እናቱን ያሸታል? ሎሚ ያኔ ነው የገባት፣ የሰረቀችው የልጅቷን እንቅልፍ ብቻ አልነበረም።

እና ዛሬ ደግሞ ልታስይዛት ነው። በጎልማሳ ሴት ጉልበት። ሁለት ሆነው።

ሰኞስ? ሰኞ በሩ ላይ ቆማ፣ ሌሎቹ ልጆች እያለፏት፣ ዘበኛው አንቺ ተመለሽ ሲላት፣ ዱሬቲ ከደንብ ልብሷ ጋር፣ ያ ደንብ ልብስ እንኳ ስንት ትግል ነው፣ አንገቱ ላይ ያለውን ምልክት ቀድዳ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ ገልብጣ፣ ካልሲውን ገልብጣ፣ ይሄን ሁሉ ታግሣ በሩ ድረስ የሄደች ልጅ ተመለሽ ስትባል። ግማሽ ሰዓት ታልቅስ ወይስ ዕድሜዋን፣ ይሄ ነው ሒሳቡ፣ በላይነሽ ትክክል ናቸው፣ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ከዚያ ይረሳል። አይረሳም። ይረሳል። ሎሚ የፎዚያን ፀጉር ይዛ የልጇን ፀጉር እንደያዘች ሁሉ ጣቷ ሳታውቀው ይላላል፣ ቀስ፣ ቀስ በጣት ጫፍ፣ እንዳያማት...

ኧረ አንቺ ሴት! ትላለች ፎዚያ አንገቷን ሰብቃ፣ ምን ነካሽ ዛሬ፣ ጉንዳን ለቀቅሽብኝ እኮ፣ ወላሂ ሰውነቴን ወረረኝ፣ አትዳብሺኝ፣ ወይ ያዥኝ ወይ ልቀቂኝ።

ይቅርታ ፎዚዬ፣ ሐሳብ ይዞኝ ነው፣ ትላለች ሎሚ፣ መዳፏን ሙሉውን ፎዚያ ራስ ላይ ታሳርፋለች፣ ትጫናለች፣ እንደዚህ? እንደሱ፣ ኧረ እንደሱ፣ ተባረኪ፣ ትላለች ፎዚያ፣ ትከሻዋ ይወርዳል፣ ወደ ኒካው ወሬዋ ትመለሳለች። ሎሚ ግን አልተመለሰችም። መዳፏ እዚያው ነው። ትከሻዋ ወረደ። ጫን ስላት ትከሻዋ ወረደ። ይሄንን እኮ ታውቃለች፣ ይሄ የሥራዋ ሀሁ ነው፣ አዲስ ልጅ ስታሠለጥን መጀመሪያ የምትለው ይሄን ነው፣ የደንበኛን ራስ አትዳብሺ፣ ያዥ። ለደንበኛ ሁሉ ጨክና የምትይዘው እጅ ለልጇ ሲሆን ላባ ይሆናል፣ ስለምትወዳት፣ ስለምትፈራት፣ እንዳያማት ብላ በጣት ጫፍ፣ በማበጠሪያ ጫፍ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ልጅቷ ስትዘል ደግሞ ይበልጥ ቀስ። ከእጄ ሁሉ የማይሆናትን እጅ መርጬ ነው የሰጠኋት።

ያ ሐኪም ምን ነበር ያለው፣ ቀጭኑ ልጅ እግር፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ለሦስት ሰዓት ተሰልፈው ለአሥር ደቂቃ ያያቸው፣ አማርኛው እንደ ዜና አንባቢ፣ እናት፣ ልጅዎ ባለጌ አይደለችም፣ መንፈስም የለባትም፣ አእምሮዋ ከስሜት ሕዋሳቷ የሚመጣላትን መልእክት የሚያስተናግድበት መንገድ ከኛ ይለያል፣ ቀላል ንክኪ እንደ አደጋ ይሰማት ይሆናል፣ ከበድ ያለ ጫና ግን አንዳንዶቹን ያረጋጋቸዋል፣ አስቀድመው ይንገሯት፣ በራሷ ፈቃድ ይሁን። አዲስ አበባ ሂዱ ብሎ ወረቀት ጻፈ፣ ቀጠሮው ከሰባት ወር በኋላ ነው። ሎሚ ከዚያ ሁሉ ቃል መንፈስ የለባትም የሚለውን ብቻ ይዛ በደስታ ወጣች። ከበድ ያለ ጫና ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቀችም፣ የተማረ ሰው ሲናገር ዝም ይባላል። እቤት ግን ልጅቷ ስትነግራት ነበር፣ በቃል ሳይሆን፣ ወለል ላይ ተኝታ የስፖንጅ ፍራሹን ላይዋ ላይ ትጎትትና እማዬ ተቀመጪብኝ ትላለች፣ ሎሚ ደግሞ ጤነኛ ልጅ ተቀመጡብኝ ትላለች እንዴ ብላ ፍራሹን ትቀማታለች። ትቀማታለች። አምላኬ፣ ስንቱን ቀምቻታለሁ።

ፎዚያ ስትነሣ ዘጠኝ ከሃያ አምስት ነው፣ መስታወቱ ውስጥ ራሷን ግራ ቀኝ ታያለች፣ ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ሻሿን ታስራለች፣ ሶላት ሳያልፈኝ ልሩጥ፣ ትወጣለች። ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ሎሚ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፣ የተነቀለውን ቆርቆሮ ጥግ ወንበር ላይ ወጥታ በጨርቅ ትጠቀጥቀዋለች፣ ቃ ቃው ይቆማል፣ ወደ ጁስ ቤቱ ትሄዳለች፣ ወንድሜ እባክህ ይሄን ጄኔሬተር ግማሽ ሰዓት አጥፋልኝ፣ ምን ሆንሽ ጭማቂዬ ሊበላሽ ነው ይላል፣ ነገ ለሚስትህ በነፃ እሠራላታለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይላል። ጸጥ። እንዲህ ያለ ጸጥታ አዳማ ውስጥ አለ እንዴ፣ ከሩቅ የባጃጅ ድምፅ፣ ነፋሱ፣ በቃ።

መጋረጃውን አትገልጠውም። ከዚህ ማዶ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፣ ምን እንደምትል ሳታውቅ አፏን ትከፍታለች፣ ዱሬ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ልንገርሽ። እትዬ በላይነሽ በአሥር ሰዓት ሊይዙሽ ይመጣሉ፣ እኔ ነኝ የጠራኋቸው፣ ለፀጉርሽ። መጽሐፉ ተዘጋ። በልጅቷ በኩል ያለው የጀርባ በር ክፍት ነው፣ አሁን ተነሥታ ትሮጣለች፣ ወደ አስፋልቱ፣ ለምን ተናገርሽ አንቺ ጅል፣ ለምን ሳትዘጊው ተናገርሽ፣ ግን አትዘጋውም፣ ቆርጣለች፣ አትዘጋውም። ይምጡ ግን አይነኩሽም፣ ትላለች፣ አልፈልግም እላቸዋለሁ። እኔ ብቻ፣ እጄን ጫን አድርጌ፣ በማበጠሪያ ሳይሆን በጣቴ፣ ቅባትም የለውም አይሸትም፣ ስድስት መስመር፣ በቃ ስትይ አቆማለሁ።

ከመጋረጃው ጀርባ የዱሬቲ ድምፅ፣ ቀጭን፣ ሳትቆጣ፣ ባለፈውም አልነካሽም ብለሽ ነበር።

ብዬ ነበር፣ ትላለች ሎሚ። ሽሮፑም ሁለት ማንኪያ ነበር፣ አንድ ነው የሚሰጠው፣ ዋሽቼሽ ነው። ጉንፋንም አልነበረብሽም። ለስምንት ዓመት ልጅ ይሄ ይነገራል? እናት ለልጇ እንዲህ ትንበረከካለች? እትዬ በላይነሽ ቢሰሙ ጉድ ነው። ይሰሙ።

መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ እግሯ፣ ከዚያ ኮፍያው። ዱሬቲ እናቷን አታይም፣ ወለሉን እያየች ትመጣለች፣ ኮፍያዋን ታወልቃለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ በሎሚ ጉልበቶች መሀል ትቀመጣለች፣ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የእናቷን እጅ አንጓ ጨምድዳ ትይዛለች። ትያዝ። ሎሚ ጉልበቶቿን ታጠብቃለች፣ ከወዲያና ከወዲህ፣ ጠበቅ፣ የልጅቷ ጎን እስኪሰማት፣ መዳፎቿን ራሷ ላይ ታሳርፋለች፣ እንደ ፎዚያ ራስ፣ ኧረ ከፎዚያም ይበልጥ፣ ትጫናለች። ትንሿ ትከሻ ትነሣለች። አሁን ትዘላለች። አሁን። ቆይ። ትከሻዋ እዚያው ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ ሎሚ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲወርድ አይታው አታውቅም፣ ጫን፣ ትላለች ዱሬቲ፣ ጫን በይ። ሎሚ ማልቀስ አትችልም፣ እንባው ራሷ ላይ ቢንጠባጠብ ጉድ ይፈላል፣ ጠብታ አትወድም፣ አፍንጫዋን ትከሻዋ ላይ ጠርጋ ትቀጥላለች።

አንድ። በአውራ ጣቷ ሥሩን ተጭና ትከፍላለች፣ አሁን ከፊት ልይዝ ነው፣ ያዝኩ፣ አሁን ወደ ኋላ እየመጣሁ ነው፣ አሁን ጆሮሽ አጠገብ ነኝ፣ ለደንበኛ ተናግራ የማታውቀውን እየተናገረች፣ እንደ ታክሲ ረዳት ፌርማታ እየጠራች። ሁለት። ሁለተኛው ጠማማ ነው፣ ሎሚ ጠማማ ሠርታ አታውቅም፣ ይጥመም። ሦስተኛው ላይ ዱሬቲ ጥርሷን ትነክሳለች፣ እጇ እናቷን ቆንጥጦ ያቆስላል፣ በቃ አላለችም ግን፣ ሎሚ ትጠብቃለች፣ ጣቷን በያንዳንዱ እጥፍ መሀል አቁማ ትጠብቃለች፣ በቃ አላለችም። አራት። ላቡ ከሁለቱም ይወርዳል። እንዴት ያለ ፀጉር ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የምልኬሳ እናት ፀጉር፣ ልጅቷ ነቅታ እያለች በእጇ ይዛው የማታውቀው የልጇ ፀጉር። አምስት።

ቤቶች! ተከፍቷል? እትዬ በላይነሽ ናቸው፣ አሥር ሰዓት፣ መቀነታቸው ጠብቋል፣ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፣ በሩን ገፍተው ይቆማሉ፣ የሚያዩትን አይተው አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ፣ በስመ አብ፣ ያለ ማንም? ሎሚ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ልታደርግ ነበር፣ እጇ አልበቃም፣ በዓይኗ ትለምናቸዋለች፣ እትዬ እባክዎ እዚያው ይሁኑ። ሴትየዋ እዚያው ይሆናሉ፣ ደግ ሴት ናቸው እኮ፣ ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር። ስድስተኛው ተይዟል፣ የመጨረሻው፣ ከቀኝ ጆሮዋ በላይ፣ ሦስቱ ዘለላ ጣቷ መሀል ነው፣ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣

በቃ፣ ትላለች ዱሬቲ።

በቃ። አንድ መስመር ናት። ግማሽ መስመር ናት። ሦስት ደቂቃ፣ ሎሚ ዓይኗን ጨፍና በሦስት ደቂቃ ትጨርሰዋለች፣ እንድጨርስ ብቻ ልላት፣ ትንሽ ናት ልላት፣ ሰኞ፣ በሩ፣ ማስረሻ፣ ያቺ ፈገግታ፣ ጥጉ፣ ሁለቴ የሚመታው ጠረጴዛ፣ ሦስት ደቂቃ። ኧረ አንድ ቀርቷት! ይላሉ በላይነሽ ከበሩ፣ አይዞሽ ልያዛት፣ አሁንማ ምን ቀረሽ። አንድ እግራቸው ገብቷል። የሎሚ ጣቶች አይለቁም፣ አሥራ አራት ዓመት ጀምረው ያልጨረሱት ራስ የለም፣ ከራሷ ጋር እየታገሉ ነው፣ ልቀቁ፣ ልቀቁ እንጂ፣

ለቀቀችው። ሦስቱ ዘለላ ተበታትነው ጆሮዋ ላይ ይወድቃሉ። በቃ ብላለች እትዬ፣ ትላለች ሎሚ፣ በቃ ብላለች፣ ይሂዱ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሂዱ። ጉልበቷን ትከፍታለች፣ እጇን ከፍ አድርጋ ታነሣለች፣ ልጅቷ እንድታየው፣ ሁለቱንም። እትዬ በላይነሽ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ሄዱ። ነገ በሩ ላይ አብሬያት እቆማለሁ፣ አምስቱን መስመር ይቁጠር ሰውዬው፣ የሹሩባ ሠሪ ልጅ ናት ግማሽ ተሠርታ መጣች ይበል፣ ይሳቅ ከፈለገ፣ ካባረራትም ያባርራት፣ ካባረራት፣ ካባረራት ምን አደርጋለሁ፣ አላውቅም፣ አምላኬ አላውቅም። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ግማሽ ሰዓቱ አልቋል። ዱሬቲ ግን አልሮጠችም። ጉልበቶቹ ተከፍተው እዚያው እንደተቀመጠች ናት፣ እጇን ቀስ ብላ ታነሣለች፣ ያልተሠራችውን ቦታ ትዳስሳለች፣ የተሠራውን አይደለም፣ ያልተሠራችውን።

አላመመኝም እኮ፣ ትላለች ሳትዞር። ታቆሚ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።

ሎሚ እጇ አሁንም አየር ላይ ነው። እና አየሽ? ትላለች።

አየሁ፣ አለች ዱሬቲ።